ዩኒክ ኢንዴክስ እያለ ሁለት «1-250» እንዴት ገባ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ ያለ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን መዝገብ በፖስትግሬስ 13 (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ይዟል። ሰርቨሩ ደብረ ብርሃን ነው፤ ቅርንጫፎቹ 14 ናቸው። የአባል ቁጥሩ የቅርንጫፉ ቁጥር፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተራ ቁጥር ነው፤ «1-250»፣ «12-4» እንደማለት። ኮለሙ የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ዩኒክ ኢንዴክስም (ፍለጋን የሚያፈጥን፣ ድግግሞሽንም የሚከለክል ማውጫ) አለው። ከሁለት ወር በፊት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ኡቡንቱ 18.04 ከነበረው አሮጌ ማሽን ወደ ኡቡንቱ 22.04 ሲዛወር የዳታ ፎልደሩ እንዳለ ተገልብጧል። ከዚያ ወዲህ መብራት ሁለት ጊዜ ድንገት ጠፍቷል። አሁን የቅርንጫፍ 1 እና ከ10 እስከ 14 ያሉት ቅርንጫፎች አንዳንድ አባላት በቁጥር ሲፈለጉ «የለም» ይባላል፤ በስም ሲፈለጉ ግን ይገኛሉ። ጥቂቶቹ ሁለቴ ተመዝግበዋል። ሪኢንዴክስ (ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መሥራት) ሲታዘዝ «ቁጥሩ ተደግሟል፣ ዩኒክ ኢንዴክሱን መሥራት አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። ጠያቂው መብራቱ ያበላሸው መስሏቸዋል፤ ሰኔ 30 ደግሞ እየደረሰ ነው።

መብራቱን ለጊዜው ይተዉት። ዋናውን ፍንጭ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ ችግሩ ያለው በቅርንጫፍ 1 እና ከ10 እስከ 14 ባሉት ላይ ብቻ ነው። በመብራት መጥፋት የተበላሸ ዲስክ ቅርንጫፍ አይመርጥም፤ ያገኘውን 8 ኪሎባይት ገጽ ይዞ ይሄዳል፤ በገጹ ላይ የማን ቁጥር እንዳለ አያውቅም። ቁጥር እየመረጠ የሚያበላሽ ነገር አንድ ነው፤ የፊደልና የምልክት ቅደም ተከተል መለወጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖስትግሬስ ጽሑፍ ሲያነጻጽር የትኛው ይቀድማል የሚለውን በራሱ አይወስንም፤ ዳታቤዙ ሲፈጠር ሌላ ካልተመረጠ በስተቀር የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ጂሊብሲ የተባለ ላይብረሪ ይጠይቃል። ይህ ላይብረሪ በ2018 በወጣው ስሪት 2.28 ላይ የመደርደሪያ ደንቡን በሰፊው ቀየረ። ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያለው 2.27 ነው፤ 22.04 ላይ ያለው 2.35 ነው። እርስዎ ድንበሩን የተሻገሩት ሰርቨሩን ባዛወሩበት ቀን ነው።

በአሮጌው ደንብ ሰረዝ በመጀመሪያው ንጽጽር አይቆጠርም ነበር። «12-4» እንደ 124፣ «1-250» እንደ 1250 ይታያሉ። ሦስተኛው አሃዝ ላይ 4 ከ5 ስለሚያንስ «12-4» ቀድሞ ይቀመጥ ነበር። በአዲሱ ደንብ ሰረዝ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ከአሃዞች ይቀድማል፤ ስለዚህ «1-250» ከ«12-4» በፊት ይመጣል። ኢንዴክሱ ግን የተሠራው በአሮጌው ደንብ ነው፤ ፎልደሩ ሲገለበጥም እንደተሠራ መጣ። አሁን «1-250» ሲፈለግ ፖስትግሬስ ኢንዴክሱ ከተዋቀረበት ዛፍ ላይ ሆኖ መለያው «12-4» የሆነ መገንጠያ ጋ ይደርሳል፤ በአዲሱ ደንብ «ፈላጊው ይቀድማል» ብሎ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ረድፉ የተቀመጠው በስተቀኝ ነው። አላገኘውም። ፍለጋ ከሆነ «የለም» ይላል፤ ምዝገባ ከሆነ ደግሞ «አልተያዘም» ብሎ ሁለተኛውን «1-250» ያስገባል። ዩኒክ ኢንዴክሱ ሥራውን አላቆመም፤ የሚፈልግበትን ቦታ ነው የሳተው።

ቅርንጫፍ 2 እስከ 9 ለምን ተረፉ? ከእነሱ ጋር በመጀመሪያ አሃዝ የሚጋራ ሌላ ቅርንጫፍ ስለሌለ ነው። «3-17» እና «3-170» ሰረዛቸው አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ በሁለቱም ደንብ ቅደም ተከተላቸው አይቀየርም። 1 ግን ከ10፣ 11፣ 12፣ 13 እና 14 ጋር ይደባለቃል። ቁጥሩ ከመነሻው «01-250» ተብሎ በሁለት አሃዝ ቢጀምር ኖሮ ይህ ኢንዴክስ ሳይነካ ያልፍ ነበር። የስም ኢንዴክሶችዎ ግን ያኔም ቢሆን አይታመኑም ነበር።

ይህን በአንድ ደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል። (የትዕዛዞቹን ስም እንደምንጠራቸው በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ይግቡ።) ተርሚናል ላይ «1-1» እና «11» የሚሉ ሁለት መስመሮችን በእንግሊዝኛ አሜሪካ ዩቲኤፍ-8 ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) ለሶርት (ደርዳሪ) ትዕዛዝ ይስጡት። አሮጌው ማሽን «11»ን ያስቀድማል፤ አዲሱ «1-1»ን። ሁለቱ ማሽኖች የተለያየ መልስ ከሰጡ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ በጽሑፍ ኮለም ላይ ያለ ኢንዴክስ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ከፖስትግሬስ 15 ጀምሮ ዳታቤዙ የተሠራበትን የኮሌሽን (የመደርደሪያ ደንብ) ስሪት መዝግቦ ስለሚይዝ ልዩነት ሲያይ ያስጠነቅቃል። በ13 ላይ ግን ለዳታቤዙ ዋና ኮሌሽን ይህ ማስጠንቀቂያ የለም፤ ዝም ብሎ ይሠራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሐሳብ ወደ አሮጌው ማሽን መመለስ ነው። አይመለሱ። ባለፉት ሁለት ወራት የገቡት ቁጥሮች በአዲሱ ደንብ ነው የተሰኩት፤ ዛፉ አሁን በሁለት ደንብ የተደረደረ ቅይጥ ነው፤ አሮጌው ማሽን ላይም እኩል ይስታል።

ከመንካትዎ በፊት ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ያላቅቁ፣ ሰርቨሩን በሥርዓቱ ያቁሙ፣ የዳታ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። እዚያው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ቅጂ ቅጂ አይባልም። በየሌሊቱ የሚወሰደው የፒጂ ደምፕ (ዳታውን ወደ ፋይል የሚያወጣ መሣሪያ) ባክአፕ ይበቃል ብለው አይተማመኑ። ፒጂ ደምፕ ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያነብ ያለ ስሕተት ይጠናቀቃል፤ ነገር ግን ድግግሞሾቹን አብሮ ይዟል። ሲመለስ ዳታው ገብቶ ያልቅና ዩኒክ ገደቡ ሲፈጠር ይወድቃል። ከዝውውሩ በፊት የተወሰደ ደምፕ ካለ ግን ወርቅ ነው፤ የትኛው ረድፍ ቀድሞ እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው።

አሁን ሰርቨሩን መልሰው ያስነሡና፣ ፕሮግራሙ እንደተላቀቀ፣ ጉዳቱን ይለኩ። አምቼክ የተባለውን የኢንዴክስ መፈተሻ ኤክስቴንሽን ይፍጠሩና ቢቲ ኢንዴክስ ቼክ የሚለውን ፈንክሽን በእያንዳንዱ ኢንዴክስ ላይ ያስኪዱ፤ ሁለተኛው መለኪያ፣ ሂፕ ኦል ኢንዴክስድ፣ «እውነት» ይሁን። ይህ ከቴብሉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ረድፍ ኢንዴክሱ ውስጥ መኖሩን ያያል። ሥራ አያስቆምም። የሚሰጠውን መልስ መለየት ያስፈልጋል። «የቅደም ተከተል ሕግ ተጥሷል» የሚል ከሆነ የኮሌሽን ጉዳይ ነው፤ ከእርስዎ የምጠብቀውም ይህንን ነው። «ለዚህ ረድፍ ተዛማጅ የኢንዴክስ መግቢያ የለም» ካለ ኢንዴክሱ መግቢያ ጎድሎታል። «ገጹ ልክ አይደለም» ወይም «ብሎኩን ማንበብ አልተቻለም» ካለ ግን ነገሩ ዲስክ ነው፤ ያኔ የመብራቱ ጥርጣሬዎ ትክክል ይሆናል፤ ከታች ያለውን ሳይሠሩ መጀመሪያ ዲስኩን ይቀይሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በ13 ላይ አምቼክ ድግግሞሽን አይፈትሽም፤ ያ የተጨመረው በ17 ነው። ድግግሞሹን ራስዎ ነው የሚፈልጉት።

ሲፈልጉም የተበላሸውን ኢንዴክስ ምስክር አያድርጉ። በዚያው ሴሽን ውስጥ ኢንዴክስስካን፣ ኢንዴክስ ኦንሊ ስካን እና ቢትማፕ ስካን የሚባሉትን ሦስት ማብሪያዎች ያጥፉ፤ ኤክስፕሌይን ብለውም ሴክዌንሻል ስካን (ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ) መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ በአባል ቁጥር ግሩፕ ባይ፣ ሃቪንግ ካውንት ከ1 በላይ፤ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ያወጣል። የተገኙትን ቁጥሮች ይዘው ሙሉ ረድፎቹን ከሲቲአይዲያቸው ጋር በአዲስ ቴብል ያስቀምጡ። ሲቲአይዲ ረድፉ የተቀመጠበት ገጽና ተራ ነው፤ ሁሉ ነገራቸው አንድ የሆኑ ሁለት ረድፎችን የሚለይ ሌላ ነገር የለም። ረድፉ ሲታደስ ወይም ቫኪዩም ፉል (ቴብሉን እንደገና ጽፎ ማጽዳት) ሲደረግ ስለሚቀየር ከዝርዝሩ እስከ ማጽዳቱ ድረስ ማንም እንዳይነካው። ትልቁ ሲቲአይዲ ኋለኛው ነው ብለው ግን አይፍረዱ፤ ተራ ቫኪዩም ያስለቀቀው የፊት ገጽ ላይ አዲስ ረድፍ ሊገባ ይችላል። የምዝገባ ቀኑን ይዩ።

ከዝርዝሩ ውጭ ቀርተው ለዓይን ግን አንድ የሚመስሉ ይኖራሉ። ከኤክሴል ወይም ከወርድ በተገለበጠ ቁጥር ላይ አጭሩ ሰረዝ ረጅም ሰረዝ ሆኖ ይገባል፤ ከኋላው ክፍት ቦታ ይከተለዋል። የቦታ ስም ላይማ የእኛ ፊደል ራሱ አለ፤ መሐል ሜዳ እና መሀል ሜዳ፣ መርሐቤቴ እና መርሃቤቴ፣ ሸዋሮቢት እና ሸዋ ሮቢት። ለዳታቤዙ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ኢንዴክሱ አልተበላሸም፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ጽሑፉን ወደ ባይት ቀይረው በሄክስ ያንብቡት፤ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ አጭሩ ሰረዝ 1፣ ረጅሙ 3።

አሁን ከባዱ ክፍል፤ ማን ይቆይ፣ ማን ይሰረዝ። ይህ የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻውን የሚወስነው አይደለም። ሁለት ዓይነት ድግግሞሽ አለ። አንደኛው ያው ሰው ሁለቴ የገባበት ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ ተቀማጭ ሊመዘግብ ሲል ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ አባል የለም» ብሎ መለሰለት፤ እሱም እንደ አዲስ አባል መዘገበው። ሁለተኛው አንድ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ሰዎች የተሰጠበት ነው። ስሙ፣ የአያት ስሙ፣ ቀበሌው፣ ስልኩ ጎን ለጎን ሲታይ አብዛኛው ይለያል፤ የማይለየውን የቅርንጫፉ የወረቀት መዝገብና የደረሰኝ ቅሪት ይለየዋል። ዝርዝሩን በቅርንጫፍ ከፋፍለው አትመው ይላኩ፤ በስልክ አይጨርሱት።

ያው ሰው ከሆነ ነባሩ ረድፍ ይቆያል፤ ከአዲሱ ላይ የተለወጠ ስልክ ወይም አድራሻ ካለ ወደ ነባሩ ይዛወራል፤ አዲሱ ይሰረዛል። ረድፉ ውስጥ የሒሳብ ቀሪ የተጻፈበት ኮለም ካለ ሁለቱን ደምረው አያስገቡ፤ ከተቀማጭና ወጪ ዝርዝሩ እንደ አዲስ ያሰሉት። ሁለት ሰዎች ከሆኑ ኋላ የመጣው አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ተቀማጮቹም በደረሰኝ ቁጥር አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ምክንያቱም የተቀማጭ ቴብሉ የሚያውቀው «1-250»ን ብቻ ነው፤ የየትኛው «1-250» እንደሆነ አያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ዩኒክ ያልሆኑት ኢንዴክሶችም እኩል ተበላሽተዋል። የተቀማጭ ቴብሉ በአባል ቁጥር ኢንዴክስ ካለው የአንድ አባል ተቀማጭ ሲደመር ከፊሉ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስሕተት አይጮኽም፤ ድምሩ ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ባለፉት ሁለት ወራት በአባል ቁጥር ተፈልጎ የታተመ የቀሪ ሒሳብ ሁሉ ከጥገናው በኋላ እንደገና ይውጣ። በእኔ አስተያየት ከድግግሞሹ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ድግግሞሽ ራሱን ያጋልጣል፤ የጎደለ ድምር ግን ሒሳብ ሲዘጋ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ይህንን ይከተላል። መጀመሪያ ዩኒክ ያልሆኑትን የጽሑፍ ኢንዴክሶች ሪኢንዴክስ ያድርጉ፤ እነዚህ ድግግሞሽ ስለማይከለክሉ ያለ ችግር ያልፋሉ። የአሃዝና የቀን ኮለሞች በኮሌሽን አይነኩም፤ ጊዜ ከሌለዎት ይለፏቸው። ከዚያ አንድ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጸድቅ ወይም አንድ ላይ የሚሰረዝ የትዕዛዞች ስብስብ) ይክፈቱ። የተቀማጭና የብድር ቴብሎች በአባል ቁጥሩ ላይ ያላቸውን ፎሪን ኪይ (ቁጥሩ በአባላቱ ቴብል ውስጥ መኖሩን የሚያስገድድ ገደብ)፣ ትርጉሙን አስቀድመው ገልብጠው፣ ያንሱ። ዩኒክ ገደቡንም ያንሱ፤ ኢንዴክሱ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚህ በኋላ በስሕተት እንኳ በእሱ በኩል ማንበብ አይቻልም። ፎሪን ኪዩን ሳያነሱ ለመሰረዝ ከሞከሩ ፖስትግሬስ «ሌላ ተመሳሳይ ቁጥር ቀርቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ያንኑ የተበላሸ ኢንዴክስ ነው፤ መልሱም አይታመንም።

አሁን በሲቲአይዲ ይሰርዙ፣ በሲቲአይዲ ቁጥር ይቀይሩ፤ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ የተነካው ረድፍ ብዛት የጠበቁት መሆኑን ይዩ። የግሩፕ ባዩን ጥያቄ ይድገሙ፤ ባዶ መሆን አለበት። እግረ መንገድዎን የአባል ቁጥር ኮለሙን፣ በአባላቱም በልጅ ቴብሎቹም (በተቀማጭና በብድሩ)፣ ኮሌሽኑን «ሲ» ያድርጉት። «ሲ» በባይት ብቻ ስለሚያነጻጽር የላይብረሪ ስሪት አያናውጠውም፤ ይህ ችግር በዚህ ኮለም ላይ ዳግመኛ አይመጣም። ከዚያ ዩኒክ ገደቡን መልሰው ይፍጠሩ፤ ቀጥሎ ፎሪን ኪዮቹን። ፎሪን ኪይ ሲፈጠር እያንዳንዱን የተቀማጭ ረድፍ ስለሚፈትሽ አባት የሌለው ካለ እዚሁ ይያዛል። ሁሉም ካለፈ ኮሚት (አጽድቅ)፤ አንዱ እንኳ ከወደቀ ሮልባክ (ሰርዝ)፤ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን መሥራት መቻሉ የፖስትግሬስ ትልቁ ጸጋ ነው።

8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ለዚያ ሴሽን ሜንቴናንስ ወርክ ሜም የሚባለውን የራም ጣሪያ ወደ 512 ሜጋባይት ከፍ ማድረግ ኢንዴክስ ሲሠራ ያፈጥናል። ሌሊት ስለሚሠሩ ሪኢንዴክስ ኮንከረንትሊ (ሥራ ሳያስቆሙ ሪኢንዴክስ ማድረግ) አያስፈልግዎትም። ሌላ ጊዜ ቀን ላይ ከተጠቀሙበትና መሐል ላይ ከወደቀ ግን በስሙ መጨረሻ «ሲሲኒው» የሚል የማይሠራ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል፤ ያንን አጥፍተው ነው እንደገና የሚጀምሩት። ወደ 14 የማደግ ሐሳብ ካለ ከ14.0 እስከ 14.3 ያሉትን ስሪቶች አይጫኑ፤ ይህ የኮንከረንትሊ ትዕዛዝ ራሱ በእነዚያ ስሪቶች ኢንዴክስ ያበላሽ ነበር፤ በ14.4 ተስተካክሏል።

የቀሩትን የጽሑፍ ኢንዴክሶች፣ የስምም የስልክም፣ ሪኢንዴክስ ሳያደርጉ ሰርቨሩን አይክፈቱ። የስም ኮለሞቹንም ወደ «ሲ» ማዞር ይቻላል፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተቀመጠው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቅደም ተከተል ስለሆነ የስም ዝርዝሩ ተራ አይዛባም። ስምን ዩኒክ የማድረግ ፈተና ከመጣብዎት ግን ይለፉት፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸው እስከ አያት የሚገጥም ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ አይደለም። ከዚያ ይልቅ የአባል ቁጥሩ ላይ ቼክ ገደብ ይጨምሩ፤ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ፣ አጭር ሰረዝ፣ አሃዞች፣ ሌላ ምንም። ረጅሙ ሰረዝና ክፍት ቦታው በር ላይ ይቀራሉ።

ፖስትግሬስ 15 እና ከዚያ በላይ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ «ሪፍሬሽ ኮሌሽን ቨርዥን» የሚል ትዕዛዝ ይጠቁማችኋል። ትዕዛዙ የተመዘገበውን የስሪት ቁጥር ብቻ ነው የሚቀይረው፤ አንድም ኢንዴክስ አይጠግንም። ሪኢንዴክሱ ካለቀ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይሰጥም፤ አስቀድሞ የሰጠው ሰው ማንቂያ ደወሉን ነቅሎ ተኝቷል።

በማይኤስኪውኤል (ሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም) ላይ ያለ ሰው ይህን መልስ እንዳለ አይውሰደው። እዚያ ኢኖዲቢ የተባለው ማከማቻ ቴብሉን ራሱን በፕራይመሪ ኪዩ (በረድፉ ዋና መለያ) ዛፍ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ፕራይመሪ ኪዩ ከተበላሸ የተበላሸው ዳታው ነው፤ ኢንዴክስ እንደገና በመሥራት አይድንም፤ ከባክአፕ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ዩኒክ ኢንዴክስ ከሆነ ግን ቼክ ቴብል ብሎ ማየት፣ ድግግሞሹን ማጽዳት፣ ኢንዴክሱን ጥሎ እንደገና መጨመር ነው። እዚያ የተለመደው ጥፋተኛ ትልቅ ዳታ ሲጫን እንዲፈጥን ተብሎ ዜሮ የተደረገው ዩኒክ ቼክስ የተባለው የድግግሞሽ መፈተሻ ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ አለ፤ በፖስትግሬስ ላይ። ከባክአፕ መልስ በኋላ አዲስ ረድፍ ሁሉ «ቁጥሩ ተደግሟል» እየተባለ ከተመለሰና ቁጥሩ ተፈልጎ በትክክል ከተገኘ ኢንዴክሱ ጤነኛ ነው። ወደ ኋላ የቀረው ቁጥር አዳዩ ነው፤ ከትልቁ ቁጥር ቀጥሎ እንዲጀምር ማድረግ ይበቃል።

ወደ መብራቱ ልመለስ፤ ለዚህ ጥፋት ተጠያቂ አይደለም ማለት አያሰጋም ማለት አይደለም። ኤፍሲንክ እና ፉል ፔጅ ራይትስ የተባሉት የዲስክ አጻጻፍ ጥበቃዎች ሁለቱም የበሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ «ለፍጥነት» ተብሎ ኤፍሲንክ የጠፋበት ሰርቨር በሚቀጥለው የመብራት መቆራረጥ ዕድሉን እየሞከረ ነው። ዳታ ቼክሰም (የገጽ ብልሽት መለያ) ካልበራ ሰርቨሩ በቆመበት በዚሁ ሌሊት ፒጂ ቼክሰምስ በሚለው መሣሪያ ያብሩት፤ ከዚያ በኋላ የዲስክ ጥፋት ሲመጣ ገጹ ሲነበብ ይጮኻል። ርካሽ ኤስኤስዲ ጻፍኩ ብሎ በጊዜያዊ ማኅደሩ ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ ለመጨረስ የሚያበቃ ካፓሲተር ያለው ይግዙ። ዩፒኤሱም በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኝ፤ ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሩን በሥርዓት የሚዘጋ ካልሆነ መጥፋቱን ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚያዘገየው።

ሲጨርሱ አምቼክን በሁሉም ኢንዴክስ ላይ ይድገሙ። ከዚያ ትራንዛክሽን ከፍተው ከቅርንጫፍ 1 አምስት፣ ከ10 እስከ 14 ካሉት ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ነባር ቁጥር እንደ አዲስ አባል ለማስገባት ይሞክሩ፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሴቭፖይንት (የመመለሻ ነጥብ) ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ስሕተት ቀሪዎቹን ያግዳል። አሥራ አምስቱም መመለስ አለባቸው። አንዱ እንኳ ከገባ ሮልባክ ብለው ፕሮግራሙን ሳይከፍቱ ያንን ቁጥር በሴክዌንሻል ስካን ይፈልጉት። ሁሉም ከተመለሱ ሮልባክ ብለው ለቅርንጫፎቹ ይክፈቱ፤ የሚቀጥለውን የኡቡንቱ ለውጥ ደግሞ ፎልደር በመገልበጥ ሳይሆን በፒጂ ደምፕ ይሥሩት፤ ደምፕ ሲመለስ ኢንዴክሱን በአዲሱ ማሽን ደንብ ከዜሮ ነው የሚሠራው።